ሕያው ህዋስን በቀለም መጠየቅ፦ በሐዋሳ በቀላሉ የሚሠሩ የእርሾና የፓራሚሲየም ሙከራዎች

ሰው ሠራሽ ቀለም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ጨርቅን ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ አያስገርምም፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2016 ከተመረቀ ወዲህ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጨርቃ ጨርቅና ልብስ የከተማዋ አንድ መታወቂያ ሆነዋል። ከጨርቅ ቀለሞች ጋር አንድ ቤተሰብ የሆኑ ቀለሞች ግን በፊዚዮሎጂ ጥናት ውስጥ ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሌላ ሥራ አላቸው። ህዋስ ሲተነፍስ፣ ሲበላ፣ ሲሞት ምን እንደሚሆን በዓይን ያሳያሉ።

ይህ መመሪያ የተጻፈው ለሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህራን፣ ለሳይንስ ክበብ አባላትና የመጀመሪያ ዓመት ላይ ላሉ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። የሚያስፈልገው ማይክሮስኮፕ፣ ሚዛን፣ ጥቂት የሙከራ ቱቦ፣ እርሾና ሁለት ቀለም ነው። ከመሣሪያው ይበልጥ የሚያስፈልገው ግን ማነጻጸሪያ የማዘጋጀት ልማድ ነው። ሰማያዊ የሆነ ህዋስ አይቶ «ሞቷል» ማለት ቀላል ነው፤ መሞቱን በእርግጥ ባወቅነው ህዋስ ላይ ቀለሙ ምን እንደሚያደርግ ሳናይ ግን እንዲህ ለማለት መብት የለንም። ከዚህ በታች በየደረጃው የማነጻጸሪያን ነገር ደጋግሜ የማነሳው ለዚህ ነው።

ቀለሙ የሚመልሰው የትኛውን ጥያቄ ነው?

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ቀለሞቹ ከየት እንደመጡና ለምን እንደሚያገለግሉ ማወቅ ይጠቅማል። በ1856 የ18 ዓመቱ እንግሊዛዊ ዊልያም ፐርኪን የወባ መድኃኒት የሆነውን ኪኒን በቤተ ሙከራ ለመሥራት ሲሞክር ያልጠበቀው ሐምራዊ ቀለም ወጣለት። የሰው ሠራሽ ቀለም ኢንዱስትሪ የተነሳው ከዚያ ነው። በ1876 ሃይንሪሽ ካሮ ጀርመን ውስጥ ሜቲሊን ብሉን ሠራ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፖል ኤርሊሽ ይህንኑ ቀለም በሕያው እንስሳ ላይ ተጠቅሞ የነርቭ ጫፎች ተለይተው ሰማያዊ ሲሆኑ አየ። በ1891 ደግሞ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሁለት የወባ ታማሚዎችን በሜቲሊን ብሉ አከመ። ዛሬም በየጤና ጣቢያው የወባ ምርመራ የሚደረግበት የጊምሳ ቀለም ውስጥ ሜቲሊን ብሉና ተዋጽኦዎቹ አሉ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት መያዝ አለበት። ለወባ ምርመራ የሚዘጋጀው ስስ የደም ቅብ በሜታኖል ባለበት እንዲጸና ከተደረገ በኋላ ነው ቀለም የሚቀባው፤ ህዋሱ ያን ጊዜ ሞቷል። ያ ቅርጽን ለማየት ነው። እኛ የምንፈልገው ሥራን ማየት ስለሆነ ቀለሙ የሚገባው ሕያው ህዋስ ላይ ነው፤ በጣም ቀጥኖ፣ ለአጭር ጊዜ።

እያንዳንዱ ቀለም የሚመልሰው የራሱን ጥያቄ ብቻ ነው። ትራይፓን ብሉ ጤነኛ የህዋስ ሽፋንን አያልፍም፤ ስለዚህ «ሽፋኑ ተቀዷል ወይ?» ለሚለው ይሆናል። ኤድዊን ጎልድማን በ1909 ይህን ቀለም በእንስሳ ደም ሥር ሲወጋ ሌላው አካል ሰማያዊ ሆኖ አንጎሉ ሳይነካ ቀረ። በ1913 በአንጎልና በኅብለ ሰረሰር ዙሪያ ወዳለው ፈሳሽ ሲያስገባው አንጎሉ ቀለም ያዘ። በደምና በአንጎል መካከል አጥር እንዳለ ለማሳየት ይህ ትልቅ ማስረጃ ሆነ። ኢቫንስ ብሉ በደም ውስጥ ካለው አልቡሚን ከተባለ ፕሮቲን ጋር ስለሚጣበቅ የፕላዝማን (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) መጠን ለመለካት አገልግሏል፤ ስሌቱም ቀላል ነው። 10 ሚሊ ግራም ቀለም ገብቶ ከተደባለቀ በኋላ በአንድ ሊትር ፕላዝማ ውስጥ 4 ሚሊ ግራም ከተገኘ፣ ፕላዝማው 2.5 ሊትር ነው ማለት ነው።

እነዚህ በእንስሳና በሰው ላይ የሚሠሩ ጥናቶች የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ የሚጠይቁ ናቸው። አሳም ሆነ አይጥ ላይ ቀለም መውጋት የትምህርት ቤት ሙከራ አይደለም። እኛ የምንጠቀመው ሁለት ቀለም ብቻ ነው፦ ሜቲሊን ብሉ ለእርሾ፣ ኮንጎ ሬድ ለፓራሚሲየም (ውሃ ውስጥ ለሚኖር ባለ አንድ ህዋስ ፍጥረት)።

1. ዱቄቱን ስትገዙ

የንግድ ስም አያስተማምንም፤ የቀለሙን የከለር ኢንዴክስ ቁጥር (ለእያንዳንዱ ቀለም የተሰጠ ዓለም አቀፍ መለያ) ተመልከቱ። ሜቲሊን ብሉ 52015፣ ኮንጎ ሬድ 22120 ነው። ቀጥሎ በጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን የቀለም ይዘት በመቶኛ ፈልጉ። ዱቄቱ ውስጥ ጨውና እርጥበት ስለሚኖር ይዘቱ 100 በመቶ የሚሆነው አልፎ አልፎ ነው። 80 በመቶ ከሆነ 100 ሚሊ ግራም ቀለም ለማግኘት 125 ሚሊ ግራም ዱቄት መመዘን ያስፈልጋል (100 ÷ 0.8)። ይህን ስሌት የሚዘል ሰው የራሱን ውጤት ከሌላ ትምህርት ቤት ውጤት ጋር ሊያወዳድር አይችልም።

ለሕፃናት አፍ ቁስል ከፋርማሲ የሚገዛው ጄንሽን ቫዮሌት ሜቲሊን ብሉን አይተካም። ፈንገስ ገዳይ ነው፤ እርሾ ደግሞ ፈንገስ ነው። ሜቲሊን ብሉም ቢሆን ሐኪም ቤት ውስጥ መድኃኒት ሆኖ ይሰጣል ብሎ የቤተ ሙከራውን ዱቄት መቅመስ የለም፤ የጂ-6-ፒ-ዲ ኢንዛይም እጥረት ያለበት ሰው ከወሰደው ቀይ የደም ህዋሶቹ ሊፈራርሱ ይችላሉ።

ኮንጎ ሬድ ከዚህም የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል። የተሠራው ከቤንዚዲን ሲሆን በሰውነት ውስጥ ሲሰባበር ወደ ቤንዚዲን ሊመለስ ይችላል፤ ቤንዚዲን ደግሞ የሽንት ፊኛ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነው። ስለዚህ ዱቄቱን የሚመዝነው መምህሩ ነው፤ ጓንትና የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ፣ ነፋስ በሌለበት። ተማሪዎች የሚነኩት የተዘጋጀውን ብቻ፣ እሱንም በጓንት ይሁን።

2. ሙሙቱን ማዘጋጀት

የቧንቧም የሐይቅም ውሃ አትጠቀሙ። የሐዋሳ ሐይቅ ውሃ አልካላይን ነው፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ8 በላይ ይሆናል፤ ፒኤችን በቀለም ለሚያነብ ሰው ይህ ትልቅ ችግር ነው። የተጣራ ውሃ ከሌላችሁ ለመኪና ባትሪ የሚሸጠው ይሆናል፤ ግን አሲድ ያልገባበት መሆኑን በሊትመስ ወረቀት አረጋግጡ።

ለሜቲሊን ብሉ መጀመሪያ 0.1 በመቶ የሆነ መነሻ ሙሙት ሥሩ፦ 100 ሚሊ ግራም ንጹሕ ቀለም በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ። ከዚህ ላይ 20 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 80 ሚሊ ሊትር ውሃ ስትጨምሩበት 0.02 በመቶ ይሆናል፤ ለማይክሮስኮፑ ሥራ የምንፈልገው እሱን ነው። ለቱቦው ሥራ 10 ሚሊ ሊትር መነሻ ሙሙትና 90 ሚሊ ሊትር ውሃ ቀላቅሉ፤ 0.01 በመቶ ይወጣል።

ሚዛናችሁ ከ0.1 ግራም በታች የማያነብ ከሆነ 100 ሚሊ ግራም በእሱ ለመመዘን አትሞክሩ፤ ስሕተቱ ከሚመዘነው ነገር ጋር ይተካከላል። 1 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር አሟሙታችሁ አሥር እጥፍ አቅጥኑት። ጠርሙሱ ላይ የቀለሙን ስም፣ ጥንካሬውን፣ የተሠራበትን ቀንና የሠራውን ሰው ስም ጻፉ፤ ከዚያ ብርሃን በማይገባበት ቁም ሣጥን አስቀምጡት።

3. የሞተውን ከሕያው መለየት

አንድ ግራም ደረቅ የዳቦ እርሾ በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ (35 ዲግሪ አካባቢ) ከአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ጋር በጥብጡና 20 ደቂቃ ተዉት። ከዚያ አንድ ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በ9 ሚሊ ሊትር ውሃ አቅጥኑ፤ ካልቀጠነ ህዋሶቹ ተደራርበው መቁጠር አይቻልም።

ከዋናው ብጥብጥ ሩቡን ያህል ለይታችሁ አሥር ደቂቃ አፍሉ። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለእርሾ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ሲቀዘቅዝ በተነነው ልክ ውሃ መልሱበትና እሱንም እንደ ሕያው አሥር እጥፍ አቅጥኑት። ይህ የሞተው ማነጻጸሪያችሁ ነው።

አሁን አንድ ሚሊ ሊትር የቀጠነ እርሾ ከአንድ ሚሊ ሊትር 0.02 በመቶ ሜቲሊን ብሉ ጋር ቀላቅሉ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርጉ፣ በስስ መስታወት ሸፍኑና በ400 እጥፍ አጉልታችሁ እዩ። የሞቱት ጥርት ያለ ሰማያዊ ይሆናሉ። ሕያዋኑ ቀለም የለሽ ሆነው ይቀራሉ፤ ሽፋናቸው የቀለሙን አገባብ ይገታል፣ ጥቂት የሚገባውንም ኢንዛይሞቻቸው ኤሌክትሮን ሰጥተው ቀለም አልባ ያደርጉታል።

አሥር ደቂቃ ካለፈ ያንን ስላይድ ጣሉና አዲስ ሥሩ። ቀለሙ ራሱ ውሎ ሲያድር ህዋሱን ይገድላል። ሌላው ጠላት ብርሃን ነው፦ ሜቲሊን ብሉ ብርሃን ሲያርፍበት በዙሪያው ያለውን ኦክስጅን ወደ አጥቂ ዓይነት ይለውጠዋል፣ እሱም ህዋሱን ይጎዳል። ማይክሮስኮፑን የቀትር ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት አርቁ፤ መብራቱንም ስትቆጥሩ ብቻ ክፈቱ። ቀለም የምናየውን ነገር ራሱን እንደሚለውጥ ተማሪ ገና ከመጀመሪያው ሊያውቅ ይገባል፤ ብዙ ሰው ይህን በኋላ ይነገራል ብሎ ይዘለዋል፣ እኔ ግን ከቆጠራው በፊት መነገር አለበት እላለሁ።

ቆጠራው ቢያንስ 300 ህዋስ ላይ፣ ከተለያዩ የስላይዱ ቦታዎች ይሁን። ለአሻሚዎቹ ሕግ አውጡ፦ ፈዛዛ ሰማያዊ የሆነው ከየትኛው ይቆጠራል? ከእናቱ ላይ የወጣ እምቡጥ ከእናቱ ግማሽ በላይ ከሆነ ለብቻው ይቆጠር። ዋናው ነገር ሕጉ ከቆጠራው በፊት መጻፉ ነው። ከ300ው ውስጥ 27ቱ ሰማያዊ ከሆኑ የሞቱት 9 በመቶ ናቸው።

አሁን የምወደው ማነጻጸሪያ ይመጣል። ሕያውና የተቀቀለ እርሾ እኩል እኩል ቀላቅሉና ቁጠሩት። ሕያው የተባለው 9 በመቶ ሙት ካለበትና የተቀቀለው በሙሉ ሙት ከሆነ፣ ድብልቁ (9 + 100) ÷ 2፣ ማለትም 54.5 በመቶ ገደማ መስጠት አለበት። 70 ወይም 35 ካገኛችሁ ቀለሙ፣ ሰዓቱ ወይም ቆጣሪው ችግር አለበት፤ የተቀሩት ቁጥሮችም አይታመኑም። ድብልቁን አንድ ሰው አዘጋጅቶ ምን እንደሆነ የማያውቅ ሌላ ሰው ቢቆጥረው ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

4. እስትንፋስን በቱቦ ማየት

ይህኛው ማይክሮስኮፕ ለሌለው ትምህርት ቤትም ይሆናል። 10 ግራም እርሾና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር በ100 ሚሊ ሊትር ለብ ያለ ውሃ በጥብጡ። አራት ቱቦ አሰልፉ፤ በአንደኛው 10 ሚሊ ሊትር ሕያው እርሾ፣ በሁለተኛው ያንኑ ያህል የተቀቀለ እርሾ፣ በሦስተኛው የስኳር ውሃ ብቻ፣ በአራተኛው ያለ ስኳር የተበጠበጠ ሕያው እርሾ። ሁሉንም 35 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ውስጥ አቁሙና በእያንዳንዱ ላይ አሥር ጠብታ 0.01 በመቶ ሜቲሊን ብሉ ጨምሩ። አንድ ጊዜ ገልብጣችሁ ቀላቅሉና ሰዓት ያዙ።

በአንደኛው ቱቦ ሰማያዊው በደቂቃዎች ውስጥ እየሳሳ ይጠፋል፤ አፉ አጠገብ፣ አየር በሚነካው በኩል ግን ስስ ሰማያዊ ቀለበት ይቀራል። የተቀቀለው ሰማያዊ እንደሆነ ይቆያል። የጠፋውን ቱቦ በአውራ ጣት ዘግታችሁ (ጓንት አድርጋችሁ) በኃይል ናጡት፤ ሰማያዊው ይመለሳል። አቁማችሁ ጠብቁት፤ እንደገና ይጠፋል።

ተማሪዎች ምክንያቱን ራሳቸው ይፈልጉት። ቀለሙ አልጠፋም፣ ቢጠፋ ኖሮ አይመለስም ነበር። ህዋሱ ምግብ ሲያቃጥል የሚለቃቸውን ኤሌክትሮኖች ቀለሙ ተቀብሎ ቀለም አልባ ይሆናል፤ ኦክስጅን ሲያገኝ ያስረክብና ሰማያዊ ሆኖ ይመለሳል። ኤርሊሽ በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዲህ የሚጠፉና የሚመለሱ ቀለሞችን በእንስሳ አካል ውስጥ አስገብቶ የትኛው ብልት ኦክስጅንን ይበልጥ እንደሚሻ የመረመረው በዚሁ መንገድ ነው።

አራተኛው ቱቦ ለውይይት ጥሩ ነው፦ ያለ ስኳርም ቀለሙ ይጠፋል፣ ምክንያቱም እርሾ የራሱ ስንቅ በውስጡ አለው። ሙቀትን ለመፈተን ከፈለጋችሁ 20፣ 30 እና 40 ዲግሪ ላይ ድገሙት። ለማንበብ በማይመች ፍጥነት ከጠፋ እርሾውን በግማሽ አቅጥኑ እንጂ ቀለም አትጨምሩ።

5. ፓራሚሲየም የበላውን ሲፈጭ

ፓራሚሲየም ለማግኘት አንድ እፍኝ ደረቅ ሣር በአንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ አቀዝቅዙ፣ ሁለት ቀን ክፍት ተዉትና ከሐይቁ ዳር የበሰበሰ ቅጠል ካለበት ቦታ የመጣ ውሃ ጨምሩበት። በአንድ ሳምንት ገደማ ከላዩ ቅራፊ አጠገብ ይበዛሉ። ውሃ ለመቅዳት ወደ አሞራ ገደል ወይም ወደ ጥቁር ውሃ በኩል ስትሄዱ በባዶ እግር አትግቡ፤ በሐይቁ ዳርቻ ቢልሃርዚያ አለ። ረዥም እንጨት ላይ የታሰረ ጣሳ ይበቃል። ንጋትና ምሽት ጉማሬ ዳር የሚወጣበት ሰዓት ስለሆነ ረፋድ ላይ ሂዱ።

ለምግቡ 1 ግራም ደረቅ እርሾና 30 ሚሊ ግራም ኮንጎ ሬድ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ክዳን አድርጋችሁ በዝግታ አሥር ደቂቃ አፍሉ። ቀለሙ ከእርሾው ግድግዳ ጋር ይጣበቃል። ሲቀዘቅዝ ይዘቅጥ፣ ላዩን ወደ ቆሻሻ ጠርሙሱ ድፉና በውሃ እጠቡ፤ የታጠበበት ውሃ ንጹሕ እስኪሆን ድገሙ። የላላ ቀለም ከቀረ ፓራሚሲየሙ በቀይ ውሃ ውስጥ የሚዋኝ ይመስላል፣ ምንም አይነበብም።

ኮንጎ ሬድ ከፒኤች 5 በላይ ቀይ፣ ከ3 በታች ሰማያዊ ነው። ይህን ማመን የለባችሁም፣ ማየት ትችላላችሁ፦ የተቀባውን እርሾ አንድ ጠብታ በአቼቶ፣ አንድ ጠብታ አሥር እጥፍ በቀጠነ አቼቶ፣ አንድ ጠብታ በሎሚ ጭማቂ፣ አንድ ጠብታ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ ላይ አድርጋችሁ በማይክሮስኮፕ እዩ፤ ያያችሁትንም በቀለም እርሳስ ሳሉ። ፓራሚሲየም ውስጥ የምታዩትን የምትለኩበት መሰላል ይህ ነው።

ስላይድ ላይ ጥቂት የተባዘተ ጥጥ ክር አስቀምጡ፤ ፓራሚሲየሞቹ በክሮቹ መካከል ስለሚታገዱ ፍጥነታቸው ይቀንሳል። አንድ ጠብታ ፓራሚሲየም ጨምሩ፤ በስንጥር ጫፍ የተቀባ እርሾ ነክታችሁ አድርጉበትና ሸፍኑ። በ100 እጥፍ አንድ ረጋ ያለውን ምረጡ፣ ከዚያ ወደ 400 ተሻገሩ።

እርሾው በአፍ ጎድጓዳው በኩል ገብቶ ክብ የምግብ ከረጢት ሲሠራ ታያላችሁ፤ መጀመሪያ ቀይ ነው። ከረጢቱ ተላቆ በህዋሱ ውስጥ መዞር ሲጀምር በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ይለወጣል፣ አሲድ ገብቶበታልና። ቆይቶ ደግሞ ወደ ቀይ ይመለሳል፤ ፈጪ ኢንዛይሞች የሚገቡት በዚህ ወቅት ነው። በአንድ ፓራሚሲየም ውስጥ ቀይ፣ ሐምራዊና ሰማያዊ ከረጢት ባንድነት ማየት ይቻላል፤ የየከረጢቱ ዕድሜ ይለያያልና። ከእኛ ጨጓራ ጋር ማመሳሰል የሚያምር ቢሆንም አትቸኩሉ፤ በጨጓራ ፈጪው ኢንዛይም የሚሠራው በአሲዱ ውስጥ ነው፣ እዚህ ግን ዋናው ፍጨት የሚከተለው አሲዱ ከቀነሰ በኋላ ነው።

አንድ ከረጢት ብቻ መርጣችሁ በየደቂቃው ቀለሙን ከመሰላላችሁ ጋር እያስተያያችሁ መዝግቡ። የመሸፈኛው ጠርዝ እንዳይደርቅ ውሃ ጠብ አድርጉበት። ጎን ለጎን ቀለም ያልተቀባ የተቀቀለ እርሾ የበላ ፓራሚሲየም ይኑራችሁ፤ በእሱም ውስጥ ሰማያዊ ካያችሁ ሌንሱ የሚሠራው ጥላ ነው።

6. ቆሻሻው የት ይሄዳል?

የሐዋሳ ሐይቅ በገጸ ምድር መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፣ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም፤ ከከተማው ቦይ የገባ ነገር እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ከእነዚህ ቀለሞች አንድ ጠብታም ወደ ፍሳሽ ማስወገጃ አይፈስስም።

ሁለት ሰፊ አፍ ያላቸው የፕላስቲክ ጠርሙሶች ይኑሩ፣ አንዱ ለሜቲሊን ብሉ፣ ሌላው ለኮንጎ ሬድ። በየጠርሙሱ ለውሃ ማጣሪያ የሚሸጠውን ከሰል ጨምራችሁ ብትንጡና ብታሳድሩት ቀለሙ ከከሰሉ ጋር ይጣበቃል፤ ውሃው ቀለም አልባ ካልሆነ ከሰል ጨምሩ። ኮንጎ ሬድን በበረኪና ለማንጣት አትሞክሩ፤ ቀለሙ ከዓይን ይጠፋል፣ ፍርስራሹ ግን ከቀለሙ የባሰ ሊሆን ይችላል። ከሰሉን ከነጓንቱና ከነወረቀቱ በከረጢት አሽጋችሁ ስያሜ ለጥፋችሁ አደገኛ ቆሻሻ ለሚያስወግድ ቤተ ሙከራ አስረክቡ።

ጠረጴዛ ላይ የፈሰሰ ሜቲሊን ብሉ በአልኮል በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ ጨርቁም የሚገባው እዚያው ከረጢት ውስጥ ነው። እጅ ላይ ከነካ በሳሙና ታጠቡ፣ የቀረው ከቆዳው ጋር በጥቂት ቀን ይለቃል። ዓይን ውስጥ ከገባ 15 ደቂቃ በንጹሕ ውሃ እያጠባችሁ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይዟችሁ እንዲሄድ አድርጉ፤ የቀለሙን ጠርሙስም ይዛችሁ ሂዱ፣ ሐኪሙ ስሙን ማንበብ ይፈልጋል።